አልጽፍም ያልኳት መስመር

ባለፈው ወር ከሚሴ ውስጥ ለጄኔራል ሙሔ መታሰቢያ በተጠራ ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ነበር። አዳራሹ ይሞቃል፤ ጣራው ላይ የተሰቀለው ማራገቢያ ከማናፈሱ ይልቅ ጩኸቱ ይበልጣል። ከሌላ ከተማ የመጣ አንድ ተናጋሪ ስለ ሟቹ የሕይወት ታሪክ ሲያነብ ቆየና፣ ጄኔራሉ በጦር ሜዳም ሆነ በብዕር አንድ ጊዜ የተናገሩትን መልሰው የማያጥፉ ሰው ነበሩ ብሎ ጨረሰ። ሰው አጨበጨበ። እኔም ለማጨብጨብ እጄን አንስቼ፣ መልሼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጄ አይታኝ ኖሮ ምን ሆንሽ አለችኝ። ሰውዬው ያነበበው ልክ አይደለም አልኳት።

ልክ አይደለም። ጄኔራል ሙሔ የተናገሩትን ሲያጥፉ በዓይኔ አይቻለሁ። ያጠፉበትን ገጽ በታይፕ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ከዚያ በፊት ደግሞ አልጽፍም ብዬ ያስቸገርኳቸው እኔው ነኝ። እዚያው ተነስቼ ልናገር ቃጥቶኝ ነበር። ነገር ግን እንዲህ ያለው ነገር ማይክሮፎን ይዘው በአምስት ደቂቃ የሚጨርሱት አይደለም። ቤቴ ገብቼ ረጋ ብዬ ብጽፈው ይሻላል አልኩ።

ጄኔራል ሙሔ የኛው አገር ሰው ናቸው። ከቦርከና ማዶ ካለ መንደር ተወልደው፣ ገና ጢማቸው ሳያቀመቅም ውትድርና ገቡ። ከተራ ወታደርነት ተነስተው የመኮንንነት ትምህርት ተማሩ፤ በምሥራቅ ጠረፍ ግራ እግራቸውን ቆሰሉ፤ ከዚያም ለብዙ ዓመታት ሰሜን ተዋጉ፤ በመጨረሻ ጄኔራል ሆኑ። ከሌሎቹ መኮንኖች የሚለዩበት ነገር ግን ሌላ ነው። ጓደኞቻቸው ለዕረፍት ሲወጡ ከተማ ገብተው ሲዝናኑ፣ እሳቸው ደብተር ይዘው ሽማግሌ ፍለጋ ይሄዱ ነበር። የጥንት ዘማቾች በየትኛው መልካ ወንዝ እንደተሻገሩ፣ ምን በልተው እንዳደሩ፣ በቅሎዎቻቸው የት ላይ እንዳለቁባቸው ይጠይቃሉ። ከዚያ ሁሉ ጥያቄ የመጀመሪያው መጽሐፋቸው ወጣ። ስለ ድሮ ጦር መንገዶች ነው። በየትምህርት ቤቱ ያሉ የታሪክ መምህራን ሽፋኑ እስኪላላጥ ድረስ እየተዋዋሱ ያነቡት ነበር።

የወታደሩ መንግሥት ሲወድቅ ታሰሩ። ጥቂት ዓመት ቆይተው በነፃ ተለቀቁና፣ ሁለት የጥይት ሣጥን ሙሉ ወረቀት በጭነት መኪና አስጭነው ከሚሴ መጡ። ከአስፋልቱ ጀርባ ሁለት ክፍል ቤት ተከራዩ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ከዘራቸውን ይዘው እያነከሱ በመንገዱ ዳር ሲያልፉ፣ ሻይ ቤት የተቀመጠው ሁሉ ብድግ ይላል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ነጋዴውም የመሥሪያ ቤት ሠራተኛውም። ከኛ ሰፈር ተነስቶ እዚያ ድረስ የደረሰ ሰው አናውቅማ! ታስረው መፈታታቸውም ቢሆን ክብራቸውን ጨመረው እንጂ አልቀነሰውም።

እኔ ያኔ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። እናትና አባቴ በልጅነቴ ስለሞቱ ያሳደገችኝ የአባቴ እህት፣ አክስቴ ሀሊማ ናት፤ ጨፋ ሮቢት አጠገብ ገበሬ ነበረች። ደሴ ዘመድ ቤት ተቀምጬ የታይፕ ትምህርት ተምሬ ተመለስኩና፣ ሥራ እስካገኝ ከሚሴ ውስጥ ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር ቤት ተጋርቼ እኖር ነበር። ጄኔራሉ ሁለተኛ መጽሐፋቸውን ታይፕ የሚያደርግላቸው ሰው ይፈልጋሉ ሲባል ሄጄ አመለከትኩ። አንድ ገጽ አስጻፉኝ፤ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ፊደል በፊደል አዩትና፣ ነገ ጠዋት ነይ አሉኝ።

ሥራው ደስ ይል ነበር። ጥቅምት ነው፤ ዝናቡ አቁሟል፤ ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ይመስላል። ከጨፋ በኩል የሚመጣው ነፋስ የረግረግ ሣርና የከብት ጠረን ይዞ በመስኮት ይገባል። ከፊቴ ያለችው የጽሕፈት መኪና አሮጌ ናት፤ የ«ሰ» ፊደሏ እየተጣበቀ በጥፍሬ አላቅቀው ነበር። ጄኔራሉ በእጃቸው የጻፉትን እየሰጡኝ እኔ ከካርቦን ጋር አገለብጣለሁ። ቀትር ላይ ከጎረቤት የማሽላ እሸት ተጠብሶ ይመጣልናል፤ እሳቸው በመዳፋቸው አሽተው እፍ ብለው ገለባውን ያበርሩና፣ ግማሹን ለኔ ይሰጡኛል። ጄኔራል እሸት አሽቶ ሲሰጠኝ መጀመሪያ ሰሞን አፌ ውስጥ ገብቶ አልወርድ ይለኝ ነበር።

ስለ ሥራቸው ብዙ አስተምረውኛል። ከሁሉ ያልረሳሁት አንድ ደንብ አላቸው፤ ሁለት ምስክር ያልተገኘለትን ነገር መጽሐፋቸው ውስጥ አያስገቡም። አንድ ሽማግሌ የነገራቸውን ሌላ መንደር ሄደው፣ ሽማግሌውን የማያውቅ ሰው ጠይቀው ነው የሚቀበሉት። ስለ አንድ የዘማች በቅሎ አሟሟት ሦስት ወረዳ ዞረው እንደነበር ራሳቸው እየሳቁ አጫውተውኛል። ሌላም ደንብ ነበራቸው፤ እሱ ደግሞ ለኔ የወጣ ነው። ፊደል ብትስቺ አርሚ፣ ሐሳቡን ግን እንዳትነኪ ብለውኛል። እኔም እሺ ብዬ ነበር።

አንድ ጠዋት ስምንተኛውን ምዕራፍ ሰጡኝ። ሠራዊቱ ወደ ሰሜን ሲያልፍ ጨፋ ላይ ስለሰፈረበት ዓመት የሚተርክ ነው። ያን ዓመት አውቀዋለሁ፤ ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ስለ ሰፈሩ፣ ስለ ድንኳኖቹ፣ ወታደሮቹ በወባ ስለማለቃቸው እየጻፍኩ ቆየሁና፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ አንዲት መስመር መጣች፤ «የጨፋ ገበሬም ስንቅ ላጠረው ሠራዊት የጎተራውን እህል በፈቃዱ አበረከተ።»

እጄ ቆመ።

በኛ አገር ማሽላ ጎተራ ብቻ አይደለም የሚቀመጠው። ብዙው ከመሬት በታች ነው። ደረቅ ቦታ ተመርጦ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ ውስጡ በገለባ ይለበጣል፤ እህሉ ከገባ በኋላ አፉ በድንጋይና በጭቃ ተደፍኖ፣ ላዩ አፈር ይለብሳል። የማያውቅ ሰው በላዩ ተረማምዶ ያልፋል። በዚያ ዓመት ወታደሮቹ ጫፉ የሾለ ብረት ይዘው እየመጡ፣ ጓሮ ለጓሮ መሬቱን ይወጉ ነበር። ብረቱ ሰተት ብሎ ከገባ እዚያ ይቆፍራሉ።

የአክስቴን ጉድጓድ ያገኙት በሦስተኛው ቀን ነው። ሁለት ዓመት ድርቅ ቢመጣ ያሳልፈናል ያለችው እህል ነበር። ድንጋዩን አንስተው አንዱን ልጅ እግር ወታደር በገመድ ሊያወርዱት ሲሉ፣ አክስቴ ሮጣ መጣችና ጮኸችባቸው። እህሌን ተዉ ያለች መስሏቸው ገፈተሯት። እሷ ግን የምትለው ሌላ ነው። የተደፈነ ጉድጓድ ሲከፈት መጥፎ አየር ይይዛል፤ ሳይናፈስ የገባ ሰው ታፍኖ ይሞታል። አልሰሟትም። ልጁ ወርዶ ድምፁ ጠፋ። ያኔ ገመዱን የሳበችው ራሷ ናት፤ አውጥታ ውሃ ረጭታበት፣ ደረቱን አሽታ፣ ነፍሱን መለሰችለት። ከዚያ በኋላ ወታደሮቹ ጉድጓዱ እስኪናፈስ ጠብቀው፣ እህሉን በሙሉ ጭነው ሄዱ። እመንገዱ ዳር አንድ ክፍት ጂፕ ቆሞ ነበር፤ ላዩ ላይ መነጽር ያደረገ መኮንን ተቀምጧል። ማን እንደሆነ ያኔ አላወቅኩም።

ታናሽ ወንድሜ ሰይድ አራት ዓመቱ ነበር። ክረምቱ ሳይወጣ ሞተ። ቅጠል ቀቅለን፣ የሾላ ፍሬ ለቅመን ሁላችንም ለመትረፍ ሞክረን ነበር፤ የሱ ሆድ ግን አልያዘውም።

ይህን ሁሉ እዚያ መኪና ፊት ተቀምጬ አላሰብኩትም። ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ይህችን መስመር ከጻፍኩ ሰይድ ጠግቦ የሞተ ይሆናል።

ጄኔራሉ መኪናው ዝም ሲል ከማዶ ቀና አሉ። «ምነው አቆምሽ?»

«ይህችን መስመር አልጽፍም» አልኳቸው።

በደንብ ያልሰሙኝ መሰላቸው። መጥተው ከኋላዬ ቆመው አነበቧት። የቱ ፊደል ነው ያልታየሽ አሉኝ። ፊደሉ ታይቶኛል፣ በፈቃዱ የምትለው ናት እውነት ያልሆነችው አልኩ። ስለ አክስቴ ጉድጓድ ነገርኳቸው፤ ስለ ሰይድም። አዳመጡኝና፣ ከአንዱ ሣጥን አንድ ቢጫ ወረቀት አወጡ። የዚያን ዘመን የክፍላቸው ሪፖርት ነው። መስመሯ እዚያ ላይ ቃል በቃል አለች። ከሥሩ ፊርማ አለ።

«የማን ፊርማ ነው?» አልኩ።

«የኔ።»

ያኔ ነው ጂፑ ላይ የተቀመጠው ማን እንደነበር የገባኝ። እሳቸውም እንደገባኝ አዩ። ፊታቸው ተለወጠ፤ እሸት የሚያሹልኝ ሰውዬ ሄዶ፣ ሌላ ሰው መጣ። አንቺ ያኔ ሕፃን ነበርሽ፣ ጦርነት ምን እንደሆነ አታውቂም፣ እኔ በሰነድ ነው የምጽፈው አሉኝ። ከዚያም ረጋ ባለ፣ ግን በሚያስፈራ ድምፅ፣ «እዚህ ቤት የሚሠራ ሰው የተሰጠውን ይጽፋል። ካልሆነ በሩ ያውልሽ» አሉ።

የጽሕፈት መኪናዋን ጨርቋን አልብሼ፣ ነጠላዬን አንስቼ ወጣሁ። በዚያ ከተማ ጄኔራል ሙሔን እምቢ ያላቸው ሰው አይቼም ሰምቼም አላውቅም። አስፋልቱን ተሻገርኩ። የሆነ ነገር ደረቴ ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ያን ስሜት ከዚያ በኋላ ደጋግሜ ፈልጌዋለሁ፤ እንደዚያን ቀን ሆኖ አላገኘሁትም።

ወደ አክስቴ ሄድኩ። ስነግራት ተቆጣችኝ። ስንት የተማረ ሰው ሥራ አጥቶ በሚዞርበት ጊዜ፣ ያውም በኛ ሰው ቤት የተገኘን ሥራ፣ ለሞተ ነገር ብለሽ ትጥያለሽ ወይ አለች። ሰይድ የሞተ ነገር ነው ወይ አልኳት። ሰፌድ ላይ ማሽላ እየለቀመች ነበር፤ ጠጠሩን አንድ በአንድ ስትወረውር ቆየች። ቀና ሳትል፣ «ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር። አልጠየቀኝም እንጂ» አለች።

ይቺ ቃል ናት መልሳ የላከችኝ። በማግስቱ ጠዋት የመጀመሪያዋን መኪና ይዤ ከሚሴ ገባሁና፣ ቀጥታ ወደ ጄኔራሉ ቤት ሄድኩ። በሩ ክፍት ነው። እሳቸው የኔ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ በአንድ ጣታቸው ፊደል እየፈለጉ ይመታሉ። አንዴ ቀና ብለው አዩኝና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ወረቀቱን ከቆምኩበት አየሁት። «የጨፋ ገበሬም» የሚለው ተጽፎ እዚያ ላይ ቆሟል። የቆመው ጣታቸው ደክሞ ይሁን ልባቸው፣ ያኔም አላወቅኩም፣ ዛሬም አላውቅም።

መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ሁሉም ጠፋኝ። የቀረችኝ አንዲት ጥያቄ ናት።

«ጄኔራል፣ ለአንድ ለሞተ በቅሎ ሁለት ምስክር ፍለጋ ሦስት ወረዳ ዞረዋል። ለጨፋ ገበሬ ስንት ምስክር ጠየቁ?»

እጃቸው ከመኪናው ላይ ወረደ። አዩኝ፤ እኔም ዓይኔን አልሰበርኩም። ሲቆጡ ለመሄድ ተዘጋጅቼ ነበር፤ አልተቆጡም። በመጨረሻ በዝግታ፣ «ሂጂ» አሉኝ። ሄድኩ። አለቀ ብዬ ወደ አክስቴ ተመለስኩ።

በአራተኛው ቀን፣ የጨፋ ሮቢት ገበያ የሚቆምበት ዕለት ነው፣ ከብቱና እህሉ መንገዱን ሞልቶት ሳለ አንድ የፈረስ ጋሪ ከሰዉ መሃል ወጥቶ ወደኛ ቤት ታጠፈ። ጄኔራሉ ናቸው። ሜዳሊያ የለ፣ ኮት የለ፤ ሽርጥና ሸሚዝ ለብሰው፣ ደብተር ብብታቸው ሥር ይዘዋል። ከጋሪው ለመውረድ እግራቸው አስቸግሯቸው ጋሪ ነጂው ደገፋቸው። አክስቴ ከጓሮ ብቅ አለች። እናታቸውን በልጅነቷ ታውቃቸው ስለነበር፣ አንቱ ብላቸው አታውቅም።

«አከም ጂርታ፣ የዘይነባ ልጅ?» አለች፤ እንደምን ነህ ማለቷ ነው።

«ነጋያ፣ አዴ ሀሊማ» አሉ፤ ደኅና ነኝ፣ እናቴ ሀሊማ ማለታቸው ነው። ከዚያም ወደ አማርኛ መልሰው፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት አሏት።

አክስቴ አጎንብሳ ቤት አስገባቻቸው፤ የላም ወተት በቅል ሰጠቻቸው። ጠጥተው እስኪጨርሱ ጠበቀች። ከዚያ ተነሽ አለችኝና፣ ሁለታችንንም ወደ ጓሮ ወሰደችን። ጉድጓዱ የነበረበት ቦታ ያኔ ጎድጎድ ያለ መሬት ብቻ ነው፤ ዱባ ዘርታበታለች። ከዚያ ዓመት በኋላ እህል ቀብራበት አታውቅም። እዚያው ቆማ ነገረቻቸው። ብረቱ የገባበትን ቦታ በእግሯ አሳየች። ወታደሩ ልጅ የወደቀበትን፣ እሷ የተገፈተረችበትን፣ ጭነቱ የወጣበትን በር አሳየች። ስትናገር ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ጄኔራሉ ቆመው ይጽፋሉ፤ ላባቸው ደብተሩ ላይ ይንጠባጠባል።

ገበያ ሲሄዱ የነበሩ ጎረቤቶች ጋሪውን አይተው ገቡ። እያንዳንዱ የራሱን ጉድጓድ ተናገረ። አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ብቻ፣ ነገሩ ምን ላይ እንደሆነ ሲገባቸው፣ ጄኔራሉን ወደ ጥግ ወስደው መከሩ። በፈቃዳችን ነው የሰጠነው ብለህ ጻፍ፣ አንተ የኛ ሰው ነህ፣ ስምህ ሲነሳ የኛም ስም ነው፣ ያለፈው አልፏል አሏቸው። በቅንነት ነው የተናገሩት፤ ዛሬም ክፉ ሰው ነበሩ ብዬ አላስብም። አክስቴ ግን ሰምታ ኖሮ ወደነሱ ዞረች።

«የኛ ሰው ስለሆነማ ነው» አለች። «ባዳ ቢሆን ቤቴ ገብቶ መች ይጠይቀኝ ነበር? ዱጋውን ይጻፍ። እውነቱን።»

ጄኔራሉ ለሽማግሌው በአክብሮት አጎንብሰው፣ አይሆንም አባቴ አሉ። ከዚያ ወደ አክስቴ ተመልሰው፣ በዚያ ክረምት ከዚህ መንደር ስንት ልጅ ሞተ ብለው ጠየቁ። ቁጥር አልነግርህም አለች። ስም ስም እየጠራሁ ልንገርህ፣ ቁጥሩን አንተ ቤትህ ሄደህ ትቆጥረዋለህ። ጠራች። ሰዎቹም የረሳቻቸውን እያስታወሱ ጨመሩላት። ሰይድ ላይ ስትደርስ ቆም ብላ እኔን አየችኝ፤ ስሙን እኔ ተናገርኩት።

ጄኔራሉ ደብተሩን ዘጉ። ያን ቀን አንተም ነበርክ አለቻቸው አክስቴ፤ ጂፑ ላይ ተቀምጠህ ነበር፣ አልወረድክም። እሳቸው ሊክዱ፣ ሊያስረዱ፣ ስለ ትእዛዝና ስለ ጦርነት ሊናገሩ ይችሉ ነበር። «አልወረድኩም» ብቻ አሉ። ከዚያም «አውፍ በዪኝ፣ አዴ ሀሊማ» አሉ፤ ይቅር በዪኝ ማለታቸው ነው።

አክስቴ ጎድጎድ ያለውን መሬት አየች። በኋላ፣ «ብያለሁ» አለች፤ «የቀረውን ከአላህ ጋር ጨርስ።» ጄኔራሉ ወደኔ ዞሩ። እኔ ዱባው ቅጠል ላይ ዓይኔን ተክዬ ቆምኩ። ጥቂት ጠብቀው፣ ነገ ጠዋት ሥራ አለን አሉኝና ወደ ጋሪያቸው አነከሱ።

በማግስቱ የሰጡኝን ገጽ በቃሌ እይዘዋለሁ። «እህሉ በፈቃድ አልተሰጠም። ከገበሬው ጉድጓድ በኃይል ተወሰደ። ትእዛዙን የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ በፈቃድ ተሰጠ የሚለውን ሪፖርትም የፈረምኩት እኔ ነኝ።» ከዚያ የልጆቹ ስም ይከተላል። «ሰ» ስትጣበቅብኝ እያላቀቅኩ፣ አንድም ፊደል ሳልስት ጻፍኩት። ጄኔራሉ አሮጌውን የእጅ ጽሑፍ አልቀደዱትም። ከአዲሱ ጋር በአንድ ላይ ሰፍተው ሣጥናቸው ውስጥ አስቀመጡት። የተሳሳትኩትንም ማስቀመጥ አለብኝ ነው ያሉኝ።

መጽሐፉ ታይፕ ተደርጎ ሲያልቅ፣ መቅድሙን የሚጽፉላቸውና ማተሚያ ቤት ያገኙላቸው አንድ ጡረታ የወጡ ኮሎኔል ከአዲስ አበባ መጡ። ከጄኔራሉ ጋር በአንድ ምሽግ የተቀመጡ ወዳጃቸው ናቸው። ሌላው ክፍል ተቀምጠው ረቂቁን ሲያነቡ ዋሉ፤ ስምንተኛው ምዕራፍ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው በግድግዳው አልፎ ይሰማኝ ጀመር።

«ሙሔ፣ ጠላት ያላዋረደውን ጦር አንተ ልታዋርደው ነው?»

«ጦሩን አልነካሁም» አሉ ጄኔራሉ። «የጻፍኩት ፊርማዬን ነው።»

እስከ ማታ ተከራከሩ። ኮሎኔሉ ቢለምኑ፣ ቢቆጡ፣ የሞቱ ጓዶቻቸውን ስም ቢያነሱ፣ ጄኔራሉ ፍንክች አላሉም። ያን ገጽ ካላወጣህ መቅድሜን አልሰጥህም ሲሏቸው፣ እንግዲያ ያለ መቅድም ይወጣል አሉ። ጄኔራሉ ለሶላት ሲወጡ ኮሎኔሉ ወደኔ መጡ። ቁጣቸው በርዷል፤ አባታዊ ድምፅ አላቸው። እንደኔ ያለች ጎበዝ ታይፒስት ከሚሴ መቀመጥ እንደሌለባት፣ አዲስ አበባ ጥሩ መሥሪያ ቤት ሊያስገቡኝ እንደሚችሉ ነገሩኝ። በፈቃዱ አበረከተ የሚለው የመጀመሪያው ገጽ የካርቦን ቅጂ መቼም አንቺ ጋ ይኖራል፣ እሱን ብቻ ስጪኝ አሉ። ለማተሚያ ቤቱ እሱን ሊሰጡት እንደሆነ ገብቶኛል።

«የመጀመሪያው ገጽ የለም» አልኳቸው።

የት ሄደ አሉ። የትም አልሄደም፣ አልጻፍኩትም አልኩ። ያሾፍኩባቸው መሰላቸው። እኔ ግን በሕይወቴ እንደዚያ ቀጥ ያለ መልስ ለማንም ሰጥቼ አላውቅም።

ኮሎኔሉ በጠዋት ሄዱ፤ ዳግመኛም አልመጡም። ሌሎቹም የድሮ መኮንኖች ቀስ በቀስ መምጣቱንም መጻፉንም ተዉ። መጽሐፉ ሳይታተም ሁለት ዓመት ቆየ። በኋላ ደሴ አንድ ትንሽ ማተሚያ ቤት ተገኘ፤ ወረቀቱ ሳሳ፣ ቀለሙ ወደ ጀርባው ዘለቀ፣ ስፌቱም ቶሎ ይፈታ ነበር። መቅድም የለውም። ከተማው በሱ የተነሳ ለሁለት ተከፈለ። ስማችንን አጎደፉት ያሉ ነበሩ፤ ሲያልፉ ብድግ ማለቱን ተዉ። ጄኔራሉ ይህን አስተውለው እንደሆን አልጠየቅኳቸውም። ከዐስር ሶላት በኋላ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው መንገድ እያነከሱ ማለፋቸውን ግን አልተዉም።

እኔም መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ፣ አግብቼ፣ ልጅ ወለድኩ። ጄኔራሉ ታመው አልጋ ሲይዙ ልጠይቃቸው እየሄድኩ፣ አንዳንዴ ደብዳቤ እጽፍላቸው ነበር። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሰው በሌለበት፣ ፊታቸውን ወደኔ አዞሩ። አክስትሽ አውፍ ብላኛለች፣ አንቺስ አሉኝ። መልሱን ከዚያች የዱባ መደብ ጀምሮ ይዤው እዞር ነበርና ማሰብ አላስፈለገኝም። አልችልም ጄኔራል አልኳቸው። የታመመ ሰው ላይ እንዲህ ይባላል ወይ ብዬ በኋላ ራሴን ወቅሻለሁ። እሳቸው ግን በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እንደማትዋሺኝ ስለማውቅ ነው የጠየቅኩሽ» አሉ።

አክስቴ ሀሊማም አሁን የለችም፤ አላህ ይዘንላት። እኔም ሃምሳን አልፌያለሁ፤ በቅርቡ ጡረታ እወጣለሁ። ስለዚያ ዘመን ያጫወትኳቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ ሁለት ነገር ይሉኛል። ግማሾቹ ይህን ያህል ካደረጉ በኋላ ይቅር አለማለትሽ ጭካኔ ነው ይሉኛል። ግማሾቹ ደግሞ፣ ወንድምሽን የገደለን ሰው ቤት እንዴት ስትመላለሺ ኖርሽ ይሉኛል። ሁለቱም እንዳስተካክል፣ አንዱን ይዤ ሌላውን እንድጥል ነው የሚፈልጉት።

አልጥልም። አክስቴ ይቅርታዋ የራሷ ነበር፤ ጉድጓዱ የሷ ነው። ሰይድ ደግሞ የኔ ነበር፤ ለአራት ዓመት በጀርባዬ አዝዬዋለሁ። ለሱ ይቅርታ የመስጠት ሥልጣን ማንም አልሰጠኝም። እንዲህም ሆኖ ጄኔራል ሙሔን እወዳቸው ነበር። ከአባቴ ቀጥሎ ያከበርኩት ወንድ እሳቸው ናቸው፤ የያዝኩትን ሙያ ያስተማሩኝ፣ ያልተጠየቀን ሰው መጠየቅን ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። ወድጄ ይቅር አለማለት፣ ይቅር ሳልል መውደድ፣ ባንድ ልብ ውስጥ ይያዛል ወይ ለሚለኝ ሰው መልሴ አጭር ነው። ይኸው ዕድሜዬን ሙሉ ይዤዋለሁ፤ አልከበደኝምም።